ሁለት ሰው ከአዲስ ቅስት ሥር

አልጎት መሰላሉ ላይ ወጥቶ በየክረምቱ ከበረዶ የሚሠራውን ሆቴል የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ቅስት በእንጨት መዶሻው ሦስት ጊዜ መታና አንገቱን ወደ ግራ ዘንበል አድርጎ ቆመ። ሃያ ስድስት ክረምት እንዲህ ሲቆም ያዩት ሠራተኞች ሥራቸውን ገታ አድርገው ፊቱን ተመለከቱ። እሱም እንደ ልማዱ ዐይኑን ከደነ፤ ጥቂት ቆየ፤ ከዚያም «ይዟል» አለ። ሠራተኞቹ ቅስቱ የተጋገረበትን የብረት ቅርጽ ከውስጥ ጎትተው አወጡት። በወንዝ ውሃና በአመዳይ የተለሰነው ነጭ ጣሪያ ራሱን ችሎ ቆመ።

ከዚያች ሰዓት ጀምሮ አልጎት ሰላም አጣ። መዶሻው ሲያርፍ ንዝረቱ እስከ ክርኑ ድረስ ተሰምቶታል፤ ድምፁን ግን አልሰማም። በዚያች ቅጽበት የሰማ መስሎት ነበር። ከመሰላሉ ወርዶ ነገሩን ሲያሰላስለው ግን ሌላ ሆኖ አገኘው። ደህና ቅስት ሲመታ የሚሰጠውን ድምፅ ያቀበለው ጆሮው ሳይሆን ትዝታው ነበር። የሃያ ስድስት ክረምት ድምፅ በአንድ ቀን ድምፅ ቦታ ገብቶ «ይዟል» አሰኝቶታል።

የጆሮው ነገር የጀመረው በጸደይ ነው። ለመጪው ክረምት የሚሆነው በረዶ ከወንዙ ተቆርጦ ካበቃ በኋላ ወደ ጤና ጣቢያው ሄዶ ነበር፤ ነርሷ ጆሮውን በመሣሪያ መርምራ በወረቀት ላይ አንድ መስመር አሳየችው። መስመሩ እስከ መካከል ደህና ይሄድና ከዚያ ወዲያ እንደ ገደል ይወርዳል። የሞተር ድምፅ፣ የወንዶች ጉርምርምታ፣ የከባድ ነገር ውድቀት ቀርተውለታል። የወፍ ጩኸት፣ የልጅ ሲቃ፣ የበረዶ ስንጥቅ ሄደዋል። ወረቀቱን አጥፎ በመሣሪያ ሳጥኑ ውስጥ ከሞረዶቹ ሥር ከተተው። ለሚስቱ ለሄልቪ እንኳ አልነገራትም።

መናገር ያልቻለበት ምክንያት ነበረው። በቶርነ ወንዝ ዳር በረዶ መቁረጥ የሚችል ሰው ሞልቷል፤ መለሰንም ማንም ይማረዋል። አልጎትን አልጎት ያሰኘው ጆሮው ነበር። «እሱ ይዟል ካለ ይዟል» ሲባል ኖሯል። ያለዚያ ጆሮ መሰላል የሚደግፍ የስድሳ አራት ዓመት ሽማግሌ ከመሆን አያልፍም፤ ይህንንም ራሱ ከማንም ቀድሞ ያውቀዋል።

በሆቴሉ ደግሞ ማንም ያልጻፈው፣ ማንም ያልሻረው አንድ ወግ አለ። የብረት ቅርጹ ከተነቀለ በኋላ፣ እንግዳ ከመግባቱ በፊት፣ በአዲሱ ቅስት ሥር ሁለት ሰው ያድራል። አንዱ ቅስቱን ያሳለፈው ሰው ነው፤ ሌላው ከሠራተኞቹ አንዱ። ሌሊቱን ለሁለት ከፍለው አንዱ ሲተኛ ሌላው ያደምጣል። በዚያ ክረምት አልጎት በአሥራ አንዱ ክፍል ያደረው ከቢርገር ጋር ነበር። ቢርገር የበረዶን ጠባይ ጠንቅቆ የሚያውቅ ሰው በመሆኑ በተራው አድምጦ ምንም ሳይጠይቅ ይተኛል፤ አልጎትም በተራው ዐይኑን አፍጥጦ ይነጋለታል። ቢያንስ ግማሹ ሌሊት ተደምጧል እያለ ራሱን ያጽናና ነበር። አሥራ ሁለተኛው ክፍል በተጠናቀቀበት ቀን ግን ቢርገር ትኩሳት ያዘውና ከአልጋው ሳይነሣ ዋለ። በእሱ ፈንታ «እኔ አድራለሁ» ያለችው የአልጎት ልጅ ማይሊ ናት።

ማይሊ የሠላሳ አንድ ዓመት ሴት ናት፤ በሆቴሉ የምትሠራው ቅርጽ ቀራጭ ሆና ነው። ከአዲስ ቅስት ሥር አድራ አታውቅም። የሁለት ዓመት ልጇን እናቷ ጋ ትታ፣ የአጋዘን አጎዛ በሁለት እጇ ታቅፋ በመተላለፊያው መጣች።

የሆቴሉ ኃላፊ ሲግነ ከክፍሉ በር ላይ ጠበቀቻቸው።

«ሽማግሌው፣ ነገ ስድስት ሰዓት ላይ አርባ ሰው ይመጣብኛል» አለችው። «ጣሪያውን በእጅህም ቢሆን ደግፈህ አሳድርልኝ።»

«እጄ ቢዝል ራሴን አቀብለዋለሁ።»

«ራስህ ጠንካራ መሆኑን ሄልቪ ነግራኛለች።» ሲግነ ሳቀችና ጀርባዋን ሰጥታ መሄድ ጀመረች። እየሄደች አንድ ነገር አለች። አልጎት ትከሻዋ ሲነቃነቅ ስላየ መናገሯን አወቀ።

«አዎ» አላት።

ማይሊ አባቷን ትኩር ብላ አየችው። «አባዬ፣ ትኩሱን ጭማቂ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ላምጣላችሁ ወይስ አንድ ሰዓት ላይ ነው ያለችህ። ‹አዎ› ምን የሚሉት መልስ ነው?»

«በሁለቱም ሰዓት ታምጣ ማለቴ ነው» አለ አልጎት፤ ሳቁን ግን ማሟሟቅ አልቻለም።

ክፍሉ ገና የአዲስ በረዶ ሽታ ነበረው። ከወንዙ በተቆረጡ ጥርት ያሉ የበረዶ ጡቦች ከተሠራው አልጋ በስተቀር ዕቃ የለበትም። ማይሊ አጎዛዎቹን አልጋው ላይ በተረበረበው ሳንቃ አነጠፈች፤ የመኝታ ከረጢቶቹን ዘረጋች፤ ፔርሙዙን፣ ደረቁን ቂጣና የደረቀውን የአጋዘን ሥጋ ከራስጌ አስቀመጠች። አልጎት በበኩሉ የበርች ዛፍ ዘንግ ከወለሉ አስደግፎ በቅስቱ አናት ሥር አቆመና ርዝመቱን በቢላዋ አስተካከለው። በዘንጉ ጫፍና በጣሪያው መካከል የሁለት ጣት ክፍተት ተወ። የበረዶ ጣሪያ እየዋለ እያደረ ዝቅ ይላል፤ ደህና ቅስት ግን በወር ከአንድ ጣት በላይ አይወርድም። ዘንጉ እስከ ጸደይ ድረስ የዚህ ምስክር ሆኖ ይቆማል።

«ደህናውና መጥፎው ድምፅ በምንድን ነው የሚለየው?» አለች ማይሊ። «ቢርገርን ብጠይቀው ‹ስትሰሚው ታውቂዋለሽ› ብሎ ሸኘኝ።»

«እውነቱን ነው።»

«እውነቱን ከሆነ ለምን ሳቀ?»

«ትኩሳት ላይ ነዋ።» አልጎት ከአልጋው ጫፍ ተቀመጠና ፊቷን እንዲያይ መብራቱን ወደ እሷ አዞረ። «ሁለት ድምፅ ነው ያለው። አንደኛው ወፍራም ነው፤ ሰው አዲስ አመዳይ ላይ ሲቀመጥ እንደሚያሰማው። ቅስቱ መቀመጫውን እያበጀ ነው ማለት ነው። እሱን ስትሰሚ ደስ ይበልሽ። ሁለተኛው ቀጭን ነው፤ ደረቅ፣ አጭር። እሱን ከሰማሽ ጥያቄ የለም፤ ጫማ አድርጎ መውጣት ነው።»

«ከሁለቱ መካከል ቢሆንስ?»

«መካከል የለውም።»

«እሺ ጌታዬ። እኔ እስከ ሰባት ሰዓት አደምጣለሁ፤ ከዚያ ተራው ያንተ ነው። እንቅልፍ ቢወስድህ ግን ለእማዬ እናገርብሃለሁ። እንኳን እንዲያው ‹ቴሌቪዥኑን ለጎረቤት ጭምር ይከፍተዋል› እያለች ታማሃለች።»

«ጎረቤቶቹ ቴሌቪዥን የላቸውም፤ አዝኜላቸው ነው።»

ማይሊ ሳቀች። መብራቱን ቀንሳ ትንሿን የባትሪ ብርሃን ብቻ ተወች፤ አጎዛ ተከናንባ ግድግዳውን ተደግፋ ተቀመጠች። አልጎት በከረጢቱ ውስጥ ተጋደመና ፊቱን ወደ ጣሪያው አደረገ። ቅስቱ ከፊቱ አራት ክንድ ያህል ከፍ ብሎ በደብዛዛው ብርሃን ነጭ ሆድ መስሎ ይታየዋል። ያ ነጭ ሆድ ስንት ኪሎ እንደሚመዝን ያውቃል። በኅዳር አጋማሽ ያልተጠበቀ ዝናብ ዘንቦ የልስኑ አመዳይ ውሃ እንደበዛበትም ያውቃል። በኅዳር ከዘነበ ልስኑ ተጨማሪ ሁለት ቀን እንዲሰነብት ማድረግ የቆየ ሥርዓት ነበር። ሲግነ የተባለው ቀን ደረሰ ስትል፣ «ጆሮዬ ይወስን» ብሎ መዶሻውን ያነሣው እሱ ራሱ ነው።

እንቅልፍ በዐይኑ አልዞረም። ውጭው ከዜሮ በታች ሃያ አራት ዲግሪ ነበር፤ ውስጡ ከዜሮ በታች አምስት። እንዲህ ባለው ብርድ በረዶ ይጠነክራል እያለ ያስባል፤ ወዲያው ደግሞ ድንገት የሚጠነክር ነገር ድንገት ይሰነጠቃል ብሎ ሐሳቡን ያፈርሰዋል። ጆሮውን ጣል ባደረገ ቁጥር የሚሰማው የራሱን ደም ነበር።

ከሌሊቱ አምስት ሰዓት ላይ ማይሊ ትከሻውን ነካችው። ባትሪውን ከፍ አድርጋለች፤ ፊቷ ነቅቷል።

«ሰማኸው?»

አልጎት ከንፈሯን አይቶ ቃሉን አወቀ። «ምን መሰለሽ?» ሊላት ይችል ነበር። ቢጠይቃት ግን፣ እሱ እያለ ለምን እሷን ይጠይቃል? እንዲህ ያለ ጥያቄ ከአፉ ወጥቶ አያውቅም።

«ሰማሁ» አላት። «መቀመጫውን እያበጀ ነው።»

«ወፍራም አልመሰለኝም'ኮ።»

«አዲስ ቅስት ሲሆን እንደዚያ ነው። በሩቅ ስለሚመጣ ቀጥኖ ይሰማል።»

እንዲህ ያለ ነገር እውነት ይሁን ሐሰት እሱም አያውቅም፤ በዚያች ቅጽበት የፈጠረው ነው። ማይሊ በረጅሙ ተነፈሰች።

«ሞቼ ነበር'ኮ! ጫማዬን ልፈልግ ስል ‹ቆይ እስቲ አባዬ ይሰማዋል› ብዬ ነው።»

ዳግመኛ ግድግዳዋን ተደገፈች። አልጎት ዐይኑን ጨፈነ። ከዚያ በኋላ የቆየባቸውን ሁለት ሰዓታት እንዴት እንዳሳለፋቸው ኋላ ሲያስበው ሊያስታውሳቸው አልቻለም። የሚያስታውሰው ከንፈሩን በጥርሱ ይዞ ሰባት ሰዓት እስኪሆን መቁጠሩን ብቻ ነው። ተራው ሲደርስ ማይሊ ጫማዋን አንሥታ በመኝታ ከረጢቷ ግርጌ ከተተች፤ ገብታም ሳትገላበጥ እንቅልፍ ወሰዳት።

አሁን አድማጩ እሱ ነው።

ተነሥቶ ጓንቱን አወለቀና መዳፉን ከግድግዳው ለጠፈ። ቅዝቃዜው ወዲያው አጥንቱ ውስጥ ገባ፤ ከዚያ ሌላ ግን ምንም የለም። በግንባሩ ያሰረውን ባትሪ አብርቶ ቅስቱን ከዳር እስከ ዳር ቃኘው። በጥርት ባለ የወንዝ በረዶ ውስጥ ስንጥቅ እንደ ብር ክር ያበራል፤ በልስን ውስጥ ግን ነጭ በነጭ ላይ ነው፤ ዐይን አይለየውም። ከዚያም ብርሃኑን ወደ በርች ዘንጉ መለሰ።

የአልጋው ጠርዝ ላይ ወጥቶ ሁለት ጣቱን በዘንጉና በጣሪያው መካከል ሊያስገባ ሞከረ። አንዱ ገባ። ሁለተኛው አልገባም።

ዘንጉ አጠገብ እንደቆመ ቀረ። በአንድ ሌሊት አንድ ጣት ወርዷል ማለት ነው? ወይስ ማምሻውን የለካው በጓንት ነበር? በጓንት ከሆነ ክፍተቱ ሰፊ መሆን ነበረበት። ወይስ ጓንቱን አውልቆ፣ ግን ጣቶቹን ጠበቅ አድርጎ ነበር የለካው? ማይሊ ስለ ድምፆቹ እየጠየቀችው ነበር፤ ልቡ እሷ ጋ ነበር። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ዘንግ ሲያቆም እጁ የሠራውን አእምሮው ተከታትሎ አያውቅም፤ ዛሬም አልተከታተለም። ቢላዋው ትዝ አለው። የወደቀው ቅርፊት ትዝ አለው። ጓንቱ ግን ትዝ አልለው አለ። ቢርገር ቢኖር ኖሮ ይህን ሁሉ መጠየቅ ባላስፈለገ ነበር። ማይሊ የሰማችውን ድምፅ እሱ ቢሰማው ኖሮም እንዲሁ።

ማይሊ ሰምታለች። ትክክለኛውን ነገር በትክክለኛው ጆሮ ሰምታ ልትወጣ ጫማዋን ስትፈልግ ያስቀራት እሱ ነው።

ቢቀሰቅሳት ምን ይላታል? «ዘንጉ ዝቅ ብሏል፤ እንውጣ» ቢል ይበቃ ነበር። ለሲግነም ዘንጉን ያሳያል፤ የጆሮው ነገር ሳይነሣ ያልፋል። ይህ ሐሳብ ለአፍታ ሞቅ አደረገው። ነገር ግን ጣቶቹን አጥብቆ ለክቶ ከሆነ፣ ቅስቱም ደህና ከሆነ፣ ለነገ እንግዶች የተዘጋጀ ክፍል በከንቱ ያስፈርሳል። ዝም ቢል ደግሞ…

ወደ ልጁ ተመለከተ። አፏን ገርበብ አድርጋ ነው የተኛችው፤ የሦስት ዓመት ልጅ ሳለች በጀልባ ውስጥ እንደምትተኛው። ከአፏ የሚወጣው እንፋሎት የከረጢቱን ጠርዝ በነጭ አመዳይ ከፍኖታል። እንዲህ በሰላም የተኛችው የአባቷን ጆሮ አምና ነው።

ተንበርክኮ ቀሰቀሳት።

«ነጋ?» አለች።

«አልነጋም። ማይሊ፣ ቀደም ሲል የሰማሽው ድምፅ ምን ይመስል ነበር?»

«እንዴ፣ ሰምቼዋለሁ ብለኸኝ የለ?»

«አልሰማሁትም።»

ማይሊ በክርኗ ቀና አለች። እንቅልፍ ገና ፊቷ ላይ ነው። «አልሰማሁትም ማለት ምን ማለት ነው? ተኝተህ ነበር?»

«ነቅቼ ነበር። ጆሮዬ ነው። ቀጭን ድምፅ አይሰማኝም፤ ከጸደይ ጀምሮ።» ይህን ያለው እጁን እያየ ነው። ከዚያም መልሷን ለማወቅ ፊቷን ማየት ግድ ስለሆነበት ቀና አለ።

ማይሊ ጣሪያውን አየች፤ ከዚያም እሱን።

«አሁን እሱን ተዪው» አላት። «በኋላ እንደልብሽ ትሰድቢኛለሽ። አሁን አስታውሺልኝ። እንዲህ ነበር?» በጉልበቱ እየዳኸ ወለሉ ላይ የተነሰነሰውን አመዳይ ሰብስቦ ከመረና በቀስታ ተቀመጠበት።

«አልነበረም።»

«እርግጠኛ ነሽ?»

«አባዬ፣ አልነበረም!»

አልጎት እጁን ወደ ራስጌው ዘረጋ፤ ከደረቁ ቂጣ አንዱን አንሥቶ ሰጣት። ምን እንደፈለገ ወዲያው ገባት። ቂጣውን በሁለት እጇ ይዛ ከመካከሉ ሰበረችው።

አልጎት ቂጣው ለሁለት ሲሆን አየ፤ ፍርፋሪው በከረጢቱ ላይ ሲረግፍ አየ። ምንም አልሰማም። የልጁን ፊት ግን አየ፤ ደሟ ተመጥጦ ነበር።

«እንደዚህ» አለች። «ልክ እንደዚህ።»

«ጫማሽን አድርጊ።»

ጫማዋ ከከረጢቱ ግርጌ ስለነበር ለማውጣት ትንሽ ተቸገረች። አጎዛዎቹን ልትጠቀልል ጎንበስ ስትል አልጎት ክንዷን ያዛት። «ተያቸው።» ቀስ ብለው፣ ግድግዳ ሳይነኩ፣ በእግር ጣታቸው ወጡ። አልጎት እሷን አስቀድሞ ከኋላዋ ሄደ፤ ወደ በሩ የነበሩት ስድስት እርምጃዎች ከወንዙ ማዶ ለማዶ የሚያደርሱ ያህል ረዘሙበት።

በመተላለፊያው ጫፍ፣ ዋናው በር ጋ ሲደርሱ ማይሊ ቆመች። ዞራ ፊት ለፊቱ ሆነች፤ እንዲሰማት ብላ ይሁን ተቆጥታ፣ ቃሉን አንድ በአንድ እየለየች ተናገረች።

«እዚያ ውስጥ ተኝቼ ነበር። አንተ አለህ ብዬ ነው የተኛሁት።»

አልጎት «ልክ ነሽ» ብቻ አለ።

«እማዬ ታውቃለች?»

«አታውቅም።»

«እሷስ ታውቃለች፤ ቴሌቪዥኑን የምታማህ ለምን ይመስልሃል? እስክትነግራት እየጠበቀችህ ነው።»

ከበረዶው ሆቴል ጎን ካሉት የእንጨት ቤቶች ወደ አንዱ ሲገቡ ሲግነ በመቀበያው ሶፋ ላይ ብርድ ልብስ ደርባ ተኝታ ነበር፤ አዲስ ቅስት በሚደመጥበት ሌሊት ወደ ቤቷ አትሄድም። ሁለቱን ባየች ጊዜ ሳትጠየቅ ተነሥታ ቡና ጣደች፤ እንደ አገሩ ልማድ አይብም ቆርሳ በየስኒው ጣለች። አልጎት ስኒውን ሳይነካ ሁሉንም ነገራት፤ ዘንጉን፣ ቂጣውን፣ ነርሷ የሰጠችውን ወረቀት። ሲናገር ድምፁ ከፍ ብሎበት ይሁን ዝቅ ብሎበት ማወቅ አልቻለም።

ሲግነ ጀርባዋን ለምድጃው ሰጥታ ሰማችው። ሲጨርስ ወደ መስኮቱ ዞራ የሆነ ነገር ተናገረች። ቆም አለች። ከዚያም ወደ እሱ ተመልሳ፣ ወንበር ስባ ፊቱ ተቀመጠችና ያለችውን ደገመችለት።

«የቀሩትስ አሥራ አንዱ? እነሱንስ ያሳለፍካቸው በዚሁ ጆሮ ነው?»

«በዚሁ ጆሮ ነው። ሌሊቱን ቢርገር ግማሽ ግማሽ አድምጧቸዋል። መዶሻው ግን የእኔ ነበር።»

«ነገ አርባ ሰው ነው'ኮ የሚመጣው አልጎት።»

«ዛሬ ነው» አለች ማይሊ። «አሥር ሰዓት ሆኗል።»

ሲግነ ፊቷን በመዳፎቿ አሸች። «ሃያ ስድስት ዓመት!» አለች። «እኔ ደግሞ ጣሪያውን በእጅህ ደግፈው እያልኩ እቀልዳለሁ።» ከዚያ ተነሣች። «መጀመሪያ አሥራ ሁለትን እንየው። ዐይኔ ካላየ አላምንም።»

አሥራ ሁለተኛው ክፍል እንደተዉት ነበር። ጣሪያው ቆሟል፤ ትንሿ ባትሪ ከራስጌ ትበራለች፤ ግማሹ ቂጣ ከረጢቱ ላይ ተቀምጧል። ከበሩ ሆነው ሲያዩት ደህና መኝታ ቤት ነው።

«ቆሟል'ኮ» አለች ሲግነ።

«ቆሟል።»

«ቆሞ እያለ ላፈርሰው ነው?»

አልጎት ልቡ ከዳው። ምናልባት ጣቶቹን አጥብቆ ነበር የለካው። ምናልባት ማይሊ የሰማችው የአልጋውን ሳንቃ ነበር። አሁንም ቢሆን «ይቆይ» ቢል የሚከራከረው የለም። ልጁን አየ። ማይሊ ራሷን ነቀነቀች፤ እንደ ቂጣ ነበር፣ ሌላ አልነበረም ማለቷ ነው።

«ስጪኝ» አለና በመተላለፊያው ቆሞ የነበረውን ረጅም የአጣና ዘንግ ከማይሊ ተቀበለ። ሁለቱን ወደ ኋላ መለሳቸው። ከደፉ ላይ ቆሞ የአጣናውን ጫፍ ከቅስቱ አናት አስደገፈና ገፋ። ጣሪያው አልተነቃነቀም። ደግሞ ገፋ፤ ምንም የለም። ላብ በጀርባው ወረደ። ለሦስተኛ ጊዜ ገና ክብደቱን ሲያሳርፍበት አጣናው ከእጁ ሾልኮ ሄደ።

የቅስቱ አናት እንዳለ አንድ ቁራጭ ሆኖ ወረደ። አልጎት በርች ዘንጉ እንደ ክብሪት ሲሰበር አየ፤ የበረዶው አልጋ ከመካከሉ ሲቆረጥ፣ አጎዛዎቹና የማይሊ ከረጢት ከነጩ ክምር ሥር ሲጠፉ አየ። ውድቀቱን በእግሩ ሰማው፤ ደረቱም ውስጥ አንድ ጊዜ አስተጋባ። ዞሮ ሲመለከት ማይሊ ሁለት ጆሮዋን ይዛ ግድግዳው ላይ ተለጥፋ ነበር። ሲግነ አፏን ከፍታለች፤ እየጮኸች መሆኗን የተረዳው የአንገቷ ሥር ተገትሮ አይቶ ነው።

የበረዶው ብናኝ እስኪረጋ ማንም አልተንቀሳቀሰም። ማይሊ ትተኛበት የነበረውን ቦታ ለረጅም ጊዜ አየች። ከዚያ መጥታ አባቷን እንደ ልጅ በኮሌታው ያዘችው፤ ያዘችውና አልለቀቀችውም፤ ልትመታው ይሁን ልታቅፈው እሷም የወሰነች አልመሰለም።

በመጨረሻ የተናገረችው ሲግነ ናት። ድምፅዋ ሻክሯል፤ ፊቷን ግን ወደ አልጎት ማዞሩን አልረሳችም።

«ያልተፈተሸ ክፍል ውስጥ ዛሬ ማንም አያድርም። እንግዶቹን በእንጨት ቤቶቹ አሸጋሽጋቸዋለሁ፤ ይቆጡ። ግን ማን ነው የሚፈትሽልኝ? ቢርገር ታሟል፤ አንተ…»

«ጆሮው እሷ ጋ አለ» አለ አልጎት። «ድምፁ ምን ማለት እንደሆነ የማውቀው እኔ ነኝ። ሁለታችን እንዞራለን። ከአሁን ወዲያ ግን ‹ይዟል› የምትለው እሷ ናት።»

«መጀመሪያ ለእማዬ ትነግራታለህ» አለች ማይሊ።

«ልክ ሲነጋ።»

«አሁን። ስልኩ ያው። እኔ አጠገብህ ቆሜ ያለችውን እነግርሃለሁ፤ ቆንጆ ቆንጆውን ብቻ አልመርጥልህም።»

ደወለ። ሄልቪ ያለችው ብዙ አልነበረም፤ ማይሊም ሳትቀንስ ነገረችው።

ከዚያ ወደ አንደኛው ክፍል ሄዱ። በውጭ ገና ጨለማ ነው፤ በዚህ ወቅት እኩለ ቀን ሲቃረብ ካልሆነ አይነጋም። መሰላሉን አልጎት ያዘ። ማይሊ ወጣች፤ መዶሻውን ተቀብላ ቅስቱን ሦስት ጊዜ መታችና ሳታውቀው አንገቷን ወደ ግራ ዘንበል አድርጋ ቆመች። አልጎት መዳፉን ከግድግዳው ላይ አድርጎ ወደ ላይ ተመለከታት።

«ምን ይመስላል?»

ማይሊ ቶሎ አልመለሰችም። «ሙሉ በርሜል በቡጢ ስትመታው እንደሚለው» አለች። «በስተቀኝ በኩል ግን ትንሽ ለየት አለብኝ። አላውቅም።»

አልጎት «አላውቅም» የምትለዋን ቃል ከዚያ መሰላል ላይ ሆኖ ተናግሯት አያውቅም። መሰላሉን ጠበቅ አድርጎ ያዘ።

«እንግዲያው ድገሚው» አላት።